በመስኮት የገባ ፊርማ

ጮራ ስፖርት ክለብ በአሥራ ሦስት ጨዋታ ያገባው ጎል አራት ነበር። ከአራቱ አንዷን ያገባለት የተጋጣሚው ተከላካይ ነው፣ በገዛ መረቡ ላይ። ሌላዋን ደግሞ ንፋስ ገፍቷታል ይላሉ፤ የአሰላን የጥር ንፋስ የቀመሰ ሰው አይጠራጠርም። የቀሩት ሁለቱ ጎሎች ያለ ጥርጥር የክለቡ ናቸው፤ ግን በሁለት ጎል ማንም ሊግ ውስጥ አይቆይም።

አሰልጣኙ ጉደታ በጉብዝናው ዘመን ራሱ የመሀል አጥቂ ነበር። ሰው መንገድ ይጠፋዋል፣ ስም ይጠፋዋል፤ ጎል ግን እንዴት ይጠፋል? አሥራ አራት ዓመት ያሰለጠነው ቡድን በአሥራ አራት ክለቦች መጨረሻ ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ስልኩን ከፍቶ የደረጃ ሰንጠረዡን ያያል። ሌሊቱን የሚለወጥ ይመስል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከኳስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፣ ከጮራ ሌላም የሚያውቀው ክለብ የለም።

የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ የክለቡ ሊቀ መንበር ሀጂ ሁሴኖ አስጠሩት። ሀጂ ገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ስብሰባ የሚጠሩት መጋዘናቸው ውስጥ ነው። እንግዳውን ጆንያ ላይ ያስቀምጡና እሳቸው ሚዛኑ ላይ ይቀመጣሉ።

«ጉደታ፣ በጀት የሚሰጡን የበላዮች ጠርተውኝ ነበር» አሉ። «የወረደ ክለብ ይዘን አንቀጥልም ብለዋል። ከወረድን በሰኔ ይፈርሳል። ሃያ ሦስቱም ልጆች ወደየቤታቸው፣ አንተም ወደ ቤትህ።»

«ሀጂ፣ የአጥቂ መስመሩን እንደገና ልሥራው። ምዝገባው ሊዘጋ አሥራ ሁለት ቀን አለ።»

«በየዓመቱ አጥቂ ትቀያይራለህ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፣ ልጄ።»

«ጉልቻው ጎድሎ ሁለት ብቻ ከሆነስ ሀጂ? ድስቱ ይደፋል እኮ!»

ሀጂ ሳቁ፤ ጉደታ ግን አልሳቀም። ጨንቆት ነበር። ከመጋዘኑ ሲወጣ ሸሚዙና ጸጉሩ ላይ የገብስ ብናኝ ተጣብቆበት፣ ሳያራግፈው በቀጥታ ወደ ሥራው ሄደ።

ሦስት ሰው ነበር የሚፈልገው፤ የቀኝ ክንፍ፣ የግራ ክንፍ፣ መሀል። ቀኙን በውሰት አገኘ። ሀይሉ የሚባል ፈጣን ልጅ፣ ትልቅ ክለብ ውስጥ ተጠባባቂ ወንበር ሲያሞቅ የከረመ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ተሰጠው። ግራውን በውል አገኘ። ገብረ መድህን ዕድሜው በወረቀት ሠላሳ ነው፤ በጉልበቱ ስንት እንደሆነ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ኳስ ሲያሻማ ግን በእጁ ያቀበለ ያህል ነው። ከሁሉም በላይ መልቀቂያው በኪሱ ነበር። መልቀቂያ ማለት የቀድሞው ክለብ «ይህ ተጫዋች ነጻ ነው፣ የወደደው ያስፈርመው» ብሎ ማኅተም የሚያሳርፍበት ወረቀት ነው። ያለ እሱ ማንም ተጫዋች የትም ሜዳ ላይ ጫማውን አያጠልቅም።

መሀሉ ቀረ። ጎል የሚያገባው ቀረ ማለት ነው።

የዞኑ ወጣቶች ውድድር ያን ሰሞን ሮቤ ላይ ይካሄድ ነበር። እዚያ አንድ ደንብ አለ፤ ክለቦቹ ጥሩ ጥሩውን ልጅ ሲሻሙ እንዳይጣሉ ዕጣ ያወጣሉ። ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ኮፍያ ውስጥ ትጣላለች። አንድ ቁጥር የደረሰው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ የተመረጠውን ልጅ ደግሞ ከመረጠው ክለብ በቀር ማንም አያነጋግርም። ጉደታ እጁን ኮፍያው ውስጥ ሲያስገባ ቢስሚላሂ አለ። የደረሰው አራት ቁጥር ነበር፤ መጨረሻ።

የመጨረሻውን ጨዋታ ሲያይ ዓይኑ ያረፈው የሁሩታ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው። ልጁ ሦስት ጎል አገባ። ከሦስቱ ይልቅ ጉደታን ያስደነገጠው አሯሯጡ ነበር፤ ኳስ ከመምጣቷ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ተከላካዩ ሲዘናጋለት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህን አሯሯጥ አንድ ሌላ ልጅ ላይ አይቶት ነበር። ስሙን ሳይጠይቅ የማን ልጅ እንደሆነ አወቀ።

ሦስቱ አሰልጣኞች ተራ በተራ መረጡ። አንዱ በረኛ ወሰደ፣ አንዱ ተከላካይ፣ ሦስተኛው አንድ ቀጭን አማካይ። ጉደታ ጋ ሲደርስ የሁሩታው ዘጠኝ ቁጥር እዚያው ዝርዝሩ ላይ ነበር። ኦብሳ ቃሲም።

«ኦብሳን» አለ።

ሦስቱም አቀርቅረው ጫማቸውን አዩ። በኋላ ከመካከላቸው አንዱ፣ ከዴራ የመጣው ሽበታም፣ ወደ ጎን ወሰደው። «ልጁን እኛም አይተነዋል። ያልነካነው ታውረን አይደለም። እናቱን ስለምናውቃቸው ነው።»

«እኔም አውቃቸዋለሁ» አለ ጉደታ።

ችግሩ ይኸው ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ይኸው ጉደታ ሁሩታ ሄዶ፣ የቃሲም ሚስት የሀጂራ ቤት ገብቶ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በልቶ ወተት ጠጥቶ፣ ትልቁን ልጃቸውን ሙንተሲርን ለሁለት ዓመት አስፈርሞ ወስዷል። ባላቸው በዚያው ዓመት ሞተዋል። «ልጅዎ ልጄ ነው» ብሎ ነበር ጉደታ፣ ደረቱን እየመታ። በአሥራ አራተኛው ወር ሙንተሲር ጉልበቱን ተሰበረ። ኮሚቴው ሁለት ወር ጠበቀ፤ ከዚያ «ተጫዋቹ ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ» የሚል ደብዳቤ ጻፈና ውሉን አቋረጠ። ጉደታ በስብሰባው ላይ እጁን አላወጣም፤ አልደገፈም፣ አልተቃወመም። ደብዳቤውን ይዞ ሁሩታ መሄድ ግን የእሱ ድርሻ ነበር። አልሄደም። ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቶ ላከው። ሙንተሲር ዛሬ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከመኝታው ተነስቶ ደጅ ለመውጣት ግድግዳ ይደግፋል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ጉደታ ይህን ሁሉ እያወቀ ኦብሳን መረጠ። እኔ ብሆን አላደርገውም የሚል ካለ፣ በአሥራ ሦስት ጨዋታ አራት ጎል አግብቶ ይሞክረው።

ሁለት ሽማግሌ ወደ ሁሩታ ላከ። ራሱ አልሄደም፤ በየትኛው ፊቱ! ሀጂራ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አስቀመጡ፣ ወተት አጠጡ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ከቤቴ አንድ ወስዷል። ያንን በሁለት እግሩ ያቁምልኝና ስለ ሁለተኛው እንነጋገራለን።» ሽማግሌዎቹ መልሱን ለጉደታ ሲነግሩ አንደኛው «እሳቸው ደህና ተናግረዋል፤ አንተም ተወው» ብሎ ጨመረ።

አልተወውም። በማግስቱ ለኦብሳ ስልክ ደወለ።

ኦብሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሕግ ራሱን ችሎ እንዲፈርም ይፈቅድለታል። የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሳው። «አሰልጣኝ፣ እንዲደውሉልኝ ስጸልይ ነበር» አለ። ጉደታ ይህን ሲሰማ የተሰማው ደስታ ይሁን ሐፍረት እሱም አልለየውም፤ ለመለየትም ጊዜ አልነበረውም፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። «አርብ ጠዋት ና። መታወቂያህንና አራት ፎቶ እንዳትረሳ» አለው። ለእናትህ ንገር አላለውም።

አርብ ዕለት ልጁ በጠዋቱ ሚኒባስ መጣ። ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ልቡም ሳንባውም ደህና ነው ተባለ። ፎቶው አንድ ጎደለና ፎቶ ቤት ሄዱ፤ መብራት የለም። ሁለተኛው ፎቶ ቤት ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ አንድ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ውሉ ላይ የሚያርፈውን ማኅተም ፍለጋ ሀጂ ሁሴኖ መጋዘን፤ ሀጂ ጁምዓ ሰግደው ከዚያው ለቀብር ሄደዋል። ጉደታ ቀብሩ ቦታ ድረስ ሄዶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ማኅተሙን ከሀጂ ኪስ ተቀበለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን እናቱ ስታስተምረው የሰማው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጆሮ አልነበረውም። ምዝገባ ቢሮው ጋ ሲደርሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። የሚዘጋው አሥራ አንድ ላይ ነው።

ቢሮው ከሜዳው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ በመስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ። በሩ ላይ ሀጂራ ቆመዋል።

ቀጭን ሴት ናቸው። አቧራ የለበሰ ጫማቸው ከሁሩታ እንዴት እንደመጡ ይናገራል፤ ልጁ መሄዱን ሲሰሙ ያገኙት ጋሪ ላይ ወጥተው፣ ከጋሪው ሚኒባስ፣ ከመናኸሪያው በእግራቸው። በእጃቸው ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ሲንቄ አንዲት የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት። ሁለት ሰው ሲጋደል አንዲት ሴት ሲንቄዋን በመካከላቸው ካስገባች ጦር የጨበጠ እጅ ይወርዳል። እሷን ተሻግሮ የሚሄድ ወንድ የለም፤ ከተማው ረስቶታል ይባላል እንጂ አልረሳም። ሀጂራ ዘንጓን በበሩ መቃን ላይ አግድም ይዘዋታል። የግቢው ዘበኛ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አዴ ሀጂራ፣ አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም።» ሰላምታ አይከለከልም። ሌላ ቃል ግን አልጨመሩም።

«እባክዎ ያሳልፉን። ልጁ ራሱ ፈልጎ ነው የመጣው።»

«ያኛውም ፈልጎ ነበር።»

«እማ!» አለ ኦብሳ፣ እንባው እየተናነቀው፤ «እኔ እኮ ሙንተሲር አይደለሁም!»

«አይደለህም። ለዚህ ነው እዚህ የቆምኩት።»

ጉደታ ኮፍያውን አወለቀ። «ክለቡ ይፈርሳል አዴ። ሃያ ሦስት ልጅ ሜዳ ላይ ይበተናል። አላህ ያያል፣ እንደ ዘንድሮ ጨንቆኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ብቻ ይስጡኝ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው።»

«ቤቴ ተቀምጠህ ስንት ነገር ምለህልኝ ነበር፤ አንዱን እንኳ መጥተህ አልነገርከኝም። ደብዳቤህን ያመጣልኝ የሚኒባስ ረዳት ነው። ሳንቲም እንደሚመልስ ሰው በጣቱ አንጠልጥሎ።» ድምጻቸውን ከፍ አላደረጉም። «ዲሲ፣ ጉደታ። ተወን።»

ከውስጥ የመዝጋቢዋ ድምጽ ተሰማ። መክሊት ትባላለች፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት፣ አሰላ ዓመት አልሞላትም። ከበሩ ላይ የምታየው አንዲት ዘንግ የያዙ እናት ብቻ ነበር። «አሰልጣኝ! አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀረ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዘጋል፣ እኔ ልክፈትልህ ብል አልችልም። ለምን አትገቡም?»

ጉደታ በሩን አየ፣ ዘንጓን አየ፣ ሰዓቱን አየ። አርሲ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ያቺን ዘንግ ተሻግሮ መግባት እናቱን እንደመርገጥ ነው። ታዲያ ሰው ሲጨንቀው ሕግ አዋቂ ይሆናል። ሲንቄዋ ያለችው በሩ ላይ ነው፤ መስኮቱ ላይ ማን ምን አስቀመጠ? በሩን አልሻገርም፣ ዘንጓን አልነካም፤ ታዲያ ምኑ ነው ነውሩ? እንዲህ አለ በልቡ። የኦብሳን ክንድ ይዞ ወደ ቢሮው ጀርባ ዞረ።

በፍርግርጉ መካከል ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አሾለከ፤ ውሉን፣ የሐኪሙን ማስረጃ፣ መታወቂያውን፣ ፎቶዎቹን። መክሊት እየሳቀች ተቀበለች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። «ይፈርም እንጂ! እያየሁት ካልፈረመ አልቀበልም፣ ደንብ ነው» አለች። መዝገቡን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችለት።

ኦብሳ ጉደታን አየው።

«ፈርም» አለ ጉደታ። «ፈርም ልጄ፣ አምስት ደቂቃ ነው የቀረን።»

ልጁ እጁን እስከ ክርኑ በብረቶቹ መካከል አስገባ። እስክሪብቶውን ያዘ። ስሙን ገና ሲጀምር ጥጉ ላይ ኮቴ ተሰማና ቀና አለ። እናቱ ቆመው ያዩታል። እጁ እንደ ሌባ እጅ ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ፣ እስክሪብቶው ጣቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሀጂራ ወደዚህ ሲዞሩ በሩ ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ ማንም በሩን አላሰበውም።

«ጨርስ» አለ ጉደታ በሹክሹክታ። ይህችን ቃል ምነው ባልወጣችኝ ብሎ ስንት ጊዜ ይቆጫል!

ኦብሳ ጨረሰ። እጁን ሲያወጣ ብረቱ ክንዱን ላጠው።

ሀጂራ አልተሳደቡም፣ አልተራገሙም። ሲንቄያቸውን አነሱና እስከ አስፋልቱ ሄዱ። መንገዱ ዳር ቆመው ሦስት ጊዜ እልል አሉ። የደስታ እልልታ አልነበረም፤ ሲንቄ ተደፍሯል፣ ሴት ሁሉ ውጪ የሚል ጥሪ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማዶ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት መደቧን ጥላ ተነሳች። ከወፍጮ ቤቱ ሌላዋ ወጣች። ሳይጠያየቁ ተከተሏቸው። ኦብሳም የላጠውን ክንዱን ይዞ፣ አንዴ እንኳ ዞር ሳይል፣ ከእናቱ ኋላ ሄደ።

ጉደታ መስኮቱ ሥር ቀረ። ትንሽ ቆይታ መክሊት ቴሴራውን፣ ፎቶና ማኅተም ያለበትን የተጫዋች መታወቂያ፣ በፍርግርጉ አሾልካ ሰጠችው። «እንኳን ደስ ያለህ አሰልጣኝ» አለች፣ ከልቧ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሩዋይዳ ቁምሳጥኑን ከፍታ ቆማለች። የጥንቱ እልልታ ዛሬ በስልክ ነው የሚደርሰው፤ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። ከልብሶቹ ኋላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች የራሷን ሲንቄ አወጣች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው እጇ ላይ አይቷት አያውቅም፤ እናቷ ስትሰጣት ያየውም የሠርጋቸው ዕለት ብቻ ነው።

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው? ሚስቴ አይደለሽም እንዴ?»

«ሴት ነኝ መጀመሪያ።» ጫማዋን አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ብሆን ኖሮ በመስኮት ትዞር ነበር?»

መልሱን ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ያን ቀን ይዞር ነበር፤ በገዛ እናቱም ላይ ቢሆን። ሩዋይዳ በሩን ሳታጋጭ ዘግታው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት አይነገርም። ሴቶቹ ሀጂራ ደጅ ተቀምጠዋል፣ ነገሩ ካልታረቀ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ጉደታ ለሻይ ገብቶ የጠየቀው ሻይ አይመጣለትም። ሽንኩርት የሚገዛባት ባለሱቅ «አልቋል» ትለዋለች፤ ሽንኩርቱ ከፊቷ ተከምሯል። ልጆቹ ልምምድ ይመጣሉ፣ ያዘዛቸውን ይሠራሉ፣ ነገር ግን ሲጨርሱ ማንም አጠገቡ አይቀመጥም። ኦብሳ አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። የመሀል አጥቂ በወረቀት ላይ አለ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ እሑድ ነበር። ከጨዋታው በፊት ዳኛው ቴሴራ እያየ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ማልያውን እያሳየ «አለሁ» ይላል። ጉደታ የኦብሳን ቴሴራ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሰጥቶ ነበር። በመጨረሻዋ ደቂቃ ይመጣል ብሎ፤ ምን ተስፋ ይሉታል ይህን!

«ዘጠኝ ቁጥር፣ ኦብሳ ቃሲም!» አለ ዳኛው።

ዳኛው ከቴሴራው ቀና ብሎ ደገመው።

«ኦብሳ ቃሲም!»

ልጆቹ ሁሉ ወደ አሰልጣኛቸው ዞሩ። ጉደታ «የለም» አለ። ድምጹ ለራሱም አልተሰማውም፤ ደግሞ «የለም» አለ።

አንድ ተከላካይ መሀል አቁሞ አስጀመረ። ጨዋታውን ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው ሁለቱ ክንፎች ያን ቀን ድንቅ ነበሩ። ገብረ መድህን ሦስት ኳስ አሻማ፤ ሦስቱም በጎሉ አፍ ላይ፣ በበረኛውና በተከላካዮቹ መካከል፣ ጉልበት ከፍታ ላይ አለፉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ወደ ፊት የሚወረወር ሰው ቢኖር ሦስቱም ጎል ናቸው። የሚነካቸው ጠፋ። በሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ጮራ አንድ ጎል ገባበት።

ያኔ ነው ጉደታ ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሆነው ነገር የገባው። ስለ ሽንፈቱ አልነበረም። ዳኛው የመለሰለትን የኦብሳን ቴሴራ እያየ ነበር። ልጁ ለሁለት ዓመት የእሱ ነው። ጮራ ቢፈርስም ባይፈርስም፣ መልቀቂያ ካልተሰጠው በስተቀር ኦብሳ ማንም ክለብ ውስጥ መጫወት አይችልም። ሁሩታ ያለው ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፤ አንዱን በጉልበቱ አስቀምጦታል፣ አንዱን በወረቀት። ፊቱን በማልያ ሸፍኖ አለቀሰ። ሰው አየው፣ ግድ አልሰጠውም።

በማግስቱ መጋዘን ሄዶ ባዶ ወረቀት ጠየቀ። ቆሞ፣ ጆንያ ላይ አስደግፎ፣ በእጁ ጻፈ። ሀጂ ሁሴኖ መነጽራቸውን ሰክተው አነበቡት።

«ምዝገባው ተዘግቷል። ይሄን ልጅ ከለቀቅከው የሚተካ ሰው የለህም። ታርቀህ አምጣው እንጂ ምን ነካህ?»

«አላመጣውም፣ ሀጂ።»

«እንግዲያው ክለቡ አለቀ።»

«አለቀ።»

ሀጂ መነጽራቸውን አወለቁ። ያኔ፣ ከአራት ዓመት ገደማ በፊት፣ የሙንተሲር ውል እንዲቋረጥ እጃቸውን ቀድመው ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለት ጊዜ ተነፈሱበትና ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። «ለእናትየው ሀጂ ሰላም ብለዋል በልልኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ አዙረው።

ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይይዛል። በየካቲት እርጥብ ሣር ከየት ይምጣ! ጉደታ ወንዝ ወርዶ፣ ጫማውን ጭቃ አስበልቶ፣ አንድ ጭብጥ ሣር ነቀለ። ቀድሞ የላካቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ በሚኒባስ ሁሩታ ገባ።

ሴቶቹ ሀጂራ ደጅ፣ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሃያ ይሆናሉ። ሩዋይዳ ከመካከላቸው ናት። ባሏ ሲመጣ አየችው፤ እንደማታውቀው ሰው አየችው። ኦብሳ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ሙንተሲር በር ላይ በርጩማ ላይ ነው፤ ያ እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ አይታጠፍም። ጉደታ ሙንተሲርን ካየው አራት ዓመት ሊሆነው ነበር። ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ ግባ እስኪሉት መግባት አይችልም። ፀሐዩ ከአናቱ ወደ ትከሻው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ገብተው ተናገሩ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ወጡ። ሣሩ እጁ ውስጥ ጠወለገ። በመጨረሻ ሀጂራ ሲንቄያቸውን ይዘው ተነሱና እስከ አጥሩ በር መጡ።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ወረቀት ነው አዴ። ራሴ ነው ያመጣሁት።»

«አንብበው። እኔ ፊደል አላውቅም።»

አነበበ። «ተጫዋች ኦብሳ ቃሲም በክለባችን ላይ ያለበት ግዴታ ከዛሬ ጀምሮ ቀሪ ሆኖ፣ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ የተለቀቀ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ግድግዳው ሥር ኦብሳ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ከሴቶቹ አንዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ጉደታ ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

ሀጂራ ወረቀቱን ተቀበሉት። ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው። ወደ በርጩማው ዞር ብለው ትልቁን ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ጉደታን።

«የትልቁስ?» አሉ።